ከአልጋ እስከ በረንዳ፦ ካንሰር ስለጠናበት ሰውና ስለ ፊዚዮቴራፒ የጠየቃችሁኝ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ጥያቄዎች የበዙት ካንሰራቸው ተሰራጭቶ «ከእንግዲህ አይድንም» ስለተባሉ ሰዎች ነው። ከደሴም ከኮምቦልቻም ጽፋችሁልኛል። ሌላውን ለሚቀጥለው እትም አቆይቼ ይህን ዓምድ ለእነሱ ብቻ ሰጥቻለሁ። እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ ስለዚህ የምመልሰው በእንቅስቃሴ በኩል ያለውን ነው። መድኃኒቱን የሚያዘው ሐኪማችሁ ነው።

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። የጡት ካንሰር ነበረባት፤ አዲስ አበባ ኦፕራሲዮን ሆና ኬሞም ወስዳለች። አሁን ወደ አጥንቷና ወደ ሳንባዋ ሄዷል ተባልን። ማስታገሻ ሰጥተውን ደሴ ቤታችን ተኝታለች። ወረቀቷ ላይ «ፊዚዮቴራፒ» ተብሎ ተጽፏል። ዘመዶቻችን ግን «ተዪያት ትረፍበት፣ አሁን ምን ያደርግላታል» ይላሉ። እሷ ደግሞ ጠዋት ጠዋት በረንዳ ወጥታ ፀሐይ መሞቅ ትፈልጋለች። ግራ ገብቶኛል። (ከመናፈሻ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። የሚሠራውን እናትሽ ራሳቸው ነግረውሻል። በረንዳ መውጣት ይፈልጋሉ፤ የፊዚዮቴራፒው ዓላማም እንግዲህ በረንዳው ነው። ካንሰሩን አያሳንሰውም። እንደዚያ የሚልሽ ካለ አትመኚው። ግን ሰው ደጁ ድረስ በእግሩ እንዲወጣ፣ ሽንት ቤት ማንም ሳይሸከመው እንዲገባ፣ ሲጎርስ ደገፍ ብሎ እንዲቀመጥ ያደርጋል። እንዲህ ካሉ ታማሚዎች ጋር ስሠራ አብዝተው የሚጨነቁበት ይሄ የሽንት ቤት ነገር ነው። «ሸክም ሆንኩባቸው» ይሉኛል፣ ልጆቻቸው ሳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያንን ጭንቀት ለጥቂት ሳምንት እንኳ ማራቅ ከተቻለ እኔ ትልቅ ሕክምና ነው የምለው።

ዘመዶቻችሁ ክፉ አስበው አይደለም። የታመመ ይረፍ ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። ነገር ግን መተኛት ራሱ ያደክማል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ምንም ያልታመሙ አረጋውያን ለ10 ቀን ብቻ አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ሥጋ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ ቀንሶ ተገኘ። እነሱ እንግዲህ ጤነኞች ናቸው። ካንሰር ደግሞ ለብቻው ጡንቻ ይጨርሳል፣ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል። ሰው ቀን ከሌት ሲተኛ ሳንባው አክታ ይቋጥራል፣ የእግሩ ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል፣ ሆዱ ይደርቃል (ሞርፊን የተባለውን ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ከሆነ ቀድሞም ይደርቃል)፣ ጀርባው ይቆስላል። «ካንሰሩ ጣላት» ከምንለው ድካም ከፊሉን ያመጣው አልጋው ነው።

ሐኪሞች ፓሊየቲቭ ኬር የሚሉት የማስታገሻ ሕክምናም ሥራው ይኸው ነው። ሞትን አያፋጥንም፣ አያዘገይም። ያለው ቀን ሕመሙ ተይዞ በሰውነት ክብር እንዲኖር ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ውስጥ ዶክተር ሲስሊ ሳውንደርስ ሴንት ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ (የማይድን ሕመም ያለባቸው የሚታከሙበትን ቤት) ስትከፍት ይዛው የተነሳችው ሐሳብ የታማሚ ስቃይ የአካል ብቻ አይደለም የሚል ነበር፤ የመንፈስም፣ የቤተሰብም፣ የኑሮም ስቃይ አለበት። ዶክተር ከመሆኗ በፊት ነርስ ነበረች፤ ከአልጋ አጠገብ ቆማ ያየችውን ነው የተናገረችው።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ሐኪሙን አንድ ነገር ጠይቂ፦ ካንሰሩ ያለው የትኛው አጥንት ላይ ነው? ጭን፣ ዳሌ ወይም አከርካሪ ላይ ከሆነ አጥንቱ ሳስቶ ሊሆን ይችላል። እንዲቆሙ ከመፈቀዱ በፊት ራጅ መታየት አለበት። ሐኪሙ «ይችላሉ» ካለሽ ቀስ ብለሽ ትጀምሪያለሽ።

ሰዓቱን ከመድኃኒቱ ጋር አስተካክዪ። የሚጠጣው ሞርፊን በደንብ የሚይዘው ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ማንሳት ያኔ ነው። ሕመሙ ሳይታገስ የተነሳ ሰው ይፈራል፣ ነገ «አልነሳም» ይላል፣ እውነቱንም ነው።

እንደተኙ ቁርጭምጭሚታቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ያንቀሳቅሱ፣ ጉልበታቸውን አንድ በአንድ አጠፍ ዘርጋ ያድርጉ። ከዚያ በጎን ይዙሩ፣ እግራቸው ከአልጋው ይውረድ፣ በክርናቸው ተደግፈው ይቀመጡ። ወዲያው አታስነሺያቸው። ሁለት ደቂቃ ያህል ቁጭ ይበሉ፣ ፊታቸውን እዪ፤ ራሳቸውን ካዞራቸው መልሰሽ አስተኚያቸው፣ ለዛሬ በቃ። የመጀመሪያው ቀን ጠርዝ ላይ መቀመጥ ብቻ ቢሆንም ሥራ ነው። ስታስነሺያቸው ክንዳቸውን ይዘሽ አትጎትቺ፣ በተለይ ጡታቸው በተሠራበት በኩል ያለውን። ወገባቸውንና ሆዳቸውን የማያማቸው ከሆነ መቀነት ወገባቸው ላይ አስሪና እሱን ያዢ፤ እጅ ከመያዝ ይሻላል። እግራቸው ላይ ሸበጥ ሳይሆን ተረከዝ የሚይዝ ጫማ ይሁን። መንገዱ ላይ ያለውን ምንጣፍ አንሺው። ከአልጋው እስከ በረንዳው መሀል አንድ ወንበር አስቀምጪ፣ እዚያ ያርፋሉ። የደሴን ጠዋት ታውቂዋለሽ፤ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ ጋቢ ደርበው ይውጡ።

በዝቶባቸው እንደሆነ የምታውቂው በማግስቱ ነው። ከወትሮው በላይ ደክመው ከዋሉ ቀንሺ እንጂ አትተዪው። አዲስ ሕመም ከመጣ፣ በተለይ ሲቆሙ ጭናቸው ወይም ዳሌያቸው ላይ የሚወጋ ከሆነ፣ ወዲያው አቁሚና ለሐኪም አሳዪ። ጠያቂ ሲበዛም ይደክማሉ። የወሎ ሰው በሽተኛ መጠየቅ ይወዳል፣ ደግነቱ ነው፤ ግን «ከበረንዳ ከተመለሱ በኋላ ኑ» ብትዪ ማንም አይቀየምሽም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሳንባ ካንሰር አለበት። ሁለት እርምጃ ሲሄድ ትንፋሽ ያጥረዋል። ሌሊት ይብስበታል፣ እሱም ይፈራል እኔም እፈራለሁ። ቤት ውስጥ ኦክሲጅን የለንም። ለቀጠሮ ወደ ደሴ ስንወጣ ሐረጎ ዳገት ላይ የሚሞትብኝ ነው የሚመስለኝ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ኦክሲጅን ስለሌለሽ ብቻ ባዶ እጅሽን አይደለሽም። በደማቸው ያለው ኦክሲጅን ዝቅ ያላለ ታማሚዎች ላይ ከሲሊንደር የሚመጣው ኦክሲጅን ከተራ አየር የበለጠ እንደማያስታግስ በጥናት ታይቷል። ዝቅ ማለት አለማለቱ ደግሞ ጣት ላይ በሚደረግ ትንሽ መሣሪያ ይለካልና በቀጠሮው ቀን አስለኪ።

ትንፋሹ ሲያጥረው መጀመሪያ መስኮቱን ክፈቺ። «ብርድ ይገባዋል» ብለው ይከለክሉሻል፤ ሰውነቱን ሸፍኚው፣ ፊቱ ግን አየር ያግኝ። ከዚያ ንጹህ የእጅ ማራገቢያ ይዘሽ ከፊቱ አንድ ስንዝር ያህል ራቅ አድርገሽ አፍንጫውና ጉንጩ ላይ አራግቢለት። ቀላል ነገር ይመስላል፣ ግን ፊት ላይ የሚነፍስ ቀዝቃዛ አየር «አነሰኝ» የሚለውን ስሜት ያበርዳል፤ በየአገሩ የማስታገሻ ሕክምና የሚሰጡ ባለሙያዎችም ይጠቀሙበታል።

አቀማመጡም ለውጥ አለው። ጠፍጣፋ አልጋ ላይ አይተኛ። ወንበር ላይ ተቀምጦ ፊት ለፊቱ ባለ ጠረጴዛ ላይ ትራስ ይደረግና ክንዶቹንና ራሱን እዚያ ላይ ያሳርፍ። አልጋ ላይ ከሆነ ጀርባውን በትራስ ከፍ አድርጊለት፣ ከጉልበቱ ሥርም አንድ ጨምሪ፣ አለበለዚያ ይንሸራተታል። አተነፋፈሱ በአፍንጫ ሳብ አድርጎ፣ ከንፈሩን አሞጥሙጦ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታ ማውጣት ነው። ማውጣቱ ከማስገባቱ ይርዘም። ሲነሳ፣ ደረጃ ሲወጣ፣ ኃይል በሚጠይቀው ቅጽበት ሁሉ ትንፋሹን ያውጣ። ደህና በሆነበት ሰዓት ቀን ቀን ተለማመዱት፤ ሌሊት ሲጨንቀው አዲስ ነገር መማር አይችልም። ፍርሃት ትንፋሽን ያፈጥናል፣ የፈጠነው ትንፋሽ ደግሞ ፍርሃትን ይጨምራል። ስለዚህ አትጩሂበት። እጁን ይዘሽ አንቺ ራስሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ይከተልሻል።

አንድ የምለምንሽ ነገር አለ። ዕጣኑንና አድሩሱን፣ የቡናውን ከሰልም፣ ከክፍሉ አውጪ። ያለ ጭስ ቡና ቡና እንደማይመስል አውቃለሁ። ግቢ ላይ ይፈላ፣ ስኒው ይግባለት።

ለትንፋሽ ማጠር በትንሽ መጠን የሚሰጥ ሞርፊን እንደሚረዳም ሐኪሙን ጠይቂ። ብዙ ሰው «ሞርፊን የመጨረሻው ነው» ብሎ ስለሚፈራ ሳይጠይቅ ይቀራል። መንገዱን በሚመለከት፣ ደሴ ከኮምቦልቻ ወደ 600 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለችና ስትወጡ ቢብስበት አይግረምሽ፤ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። የፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ መስኮቱ ገርበብ ይበል፣ ማራገቢያውን ያዢ። ሆስፒታል ስትደርሱ ከመኪናው ወርዶ ወዲያው አይራመድ፣ ዊልቸር አስመጪ። ድንገት የደረት ውጋት ያለበት የትንፋሽ ማጠር ከመጣ፣ ወይም አንድ እግሩ ብቻ አብጦ ካመመው፣ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ አባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አለበት። ሰሞኑን ወገቡን በጣም እያመመው ነው፣ ሌሊት አያስተኛውም። ጥሩ ወጌሻ አለ ተብለናል፣ እንውሰደው? (ከሮቢት፣ ደሴ)

መልስ፦ አይሆንም። ወጌሻ የሚያውቀው ሥራ አለው፣ አልንቀውም። ካንሰር የገባበትን አከርካሪ ግን ማንም ማሸት፣ መጎተት፣ መጫን የለበትም፤ እኔም ብሆን አልነካውም። የፕሮስቴት ካንሰር ሲሰራጭ አዘውትሮ የሚሄደው ወደ አከርካሪና ወደ ዳሌ አጥንት ነው። የሳሳ አጥንት በአንድ ጠንካራ መጫን ሊሰበር ይችላል፣ የተሰበረው አጥንት ደግሞ የጀርባውን ነርቭ ይጫናል።

አሁኑኑ አባትህን ጠይቃቸው። ሲተኙ ወይም ሲያስሉ ሕመሙ ይብሳል? ሕመሙ ደረታቸውን ወይም ሆዳቸውን ዙሪያውን እንደ ቀበቶ ያጠብቃል? እግራቸው ከብዷቸዋል፣ ይተጣጠፍባቸዋል? በጭናቸው መሀል ደንዝዟል? ሽንት እምቢ ብሏቸዋል ወይስ ያመልጣቸዋል? ከእነዚህ አንዱ ካለ ነርቩ እየተጫነ ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ሆስፒታል ይግቡ፤ ነገ ጠዋት አይባልም። ስትሄዱም ባጃጅ ላይ አጣጥፈህ አታስቀምጣቸው። ጀርባቸው ቀጥ ብሎ እንደተኙ፣ ስታዞራቸው ትከሻና ዳሌ አብሮ እንዲዞር አድርገህ፣ በአምቡላንስ ወይም ሰው ተዘርግቶ ሊተኛበት በሚችል መኪና ውሰዳቸው። በተጫነው ነርቭ ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት አለ፣ የጨረር ሕክምናም አለ። በእግራቸው እየሄዱ ሳሉ ሕክምናው የተጀመረላቸው አብዛኞቹ መራመዳቸውን ይቀጥላሉ። እግራቸው አንዴ ከከዳ በኋላ የሚመለስላቸው ግን ጥቂት ናቸው። ለዚህ ነው የምቸኩልብህ።

ምልክቱ ባይኖርም ሕመሙ አዲስ ስለሆነ በዚህ ሳምንት ይታዩ።

ጥያቄ፦ ጡቷ ወጥቶላት የነበረች እህቴ ክንዷ አብጧል። በቅቤ ብናሸው ይወርዳል? (ከሰኞ ገበያ)

መልስ፦ ጠንከር አድርጋችሁ አትሹት። በብብቷ ውስጥ ያሉት የሊምፍ እጢዎች በቀዶ ሕክምና ሲወጡ ወይም ካንሰር ሲይዛቸው ፈሳሹ መሄጃ ያጣል፤ እብጠቱ የመጣው ከዚያ ነው። ክንዷን ትራስ ላይ ከፍ አድርጋ ታሳርፈው፣ ጣቶቿን ደጋግማ ትጨብጥ ትዘርጋ፣ ክርኗንም ታጥፍ። ቆዳዋን በለሰለሰ ቅባት ቀለል አድርጎ መቀባት ግን ጥሩ ነው፣ የተሰነጠቀ ቆዳ ጀርም ያስገባል። ጠባብ አምባርና ቀለበት ታውልቅ። ምጣድ ላይ በዚያ እጅ አትጋግር፣ መርፌም በዚያ ክንድ ባትወጋ ይሻላል። ጠበቅ የሚያደርገውን ፋሻ ባለሙያ ሳያያት አታስሩላት። ክንዷ ከቀላና ከጋለ፣ ትኩሳትም ካላት፣ ኢንፌክሽን ነውና ዕለቱን ሐኪም ቤት ትሂድ።

ጥያቄ፦ ታማሚው እኔ ራሴ ነኝ፤ 44 ዓመቴ ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ጉበቴ ላይ ደርሷል። ሕመሙ በመድኃኒት ተይዟል፣ ድካሙ ግን ሊገድለኝ ነው። ስተኛም አይለቀኝም። ጁምዓ መስጂድ መድረስ ብቻ ነው የምፈልገው። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አላህ ያግዝህ። የካንሰር ድካም እንደ ሥራ ድካም በእንቅልፍ አይወጣም። ስንፍናም አይደለም፣ ሰው ቢልህ አትስማ። መጀመሪያ የደም ማነስ፣ የጨው መዛባት ወይም የእንቅልፍ ችግር እንዳለብህ ተመርመር፤ አንዳንዱ ይታከማል። ከዚያ ውጪ ላለው ድካም ከተሞከሩት ነገሮች የተሻለ ማስረጃ ካላቸው አንዱ፣ ለጆሮ ግራ ቢሆንም፣ በልክ መንቀሳቀስ ነው።

ጉልበትህ ውስን ነውና አንተ ራስህ መድበው። ሐሙስ ገላህን ታጠብ፣ ዓርብ ጠዋት አትታጠብ። ልብስህን ቁጭ ብለህ ልበስ። ውዱእም ተቀምጠህ አድርግ፣ ሰው ውሃ ያፍስስልህ። ስትተኛም ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ይሁን፣ ቀኑን ሙሉ ከተኛህ ሌሊቱ ይጠፋል። መስጂድ ድረስ በባጃጅ ሂድና ለመራመድ ያስቀመጥከውን ጉልበት ከበሩ ወደ ውስጥ ተጠቀምበት። ወንበር ላይ ሆነህ ስገድ። መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ ተኝቶ መስገድ እንደተፈቀደለት ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ።

በቀሪው ሳምንት ልምምዱ ይኸው ነው፦ ከወንበር በእጅህ ሳትደገፍ፣ ካልቻልክም ተደግፈህ፣ ብድግ ቁጭ በል። በየሶላቱ ሰዓት ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል። ለብቻው ሰዓት ከመፈለግ ከለመድከው ነገር ጋር ማያያዝ ይቀላል። (ክርስቲያን አንባቢዎቼም ከጸሎት ሰዓታችሁ ጋር አያይዙት።) በዚያን ቀን ትኩሳት፣ ማስመለስ ወይም ደም መፍሰስ ካለብህ ተወው፣ ዕረፍ።

ጥያቄ፦ አያታችን ከእንግዲህ መነሳት አልቻሉም። ዶክተሩ ቀናት ነው የቀራቸው ብሎናል። ጀርባቸው ቀልቷል። እኔም ሳነሳቸው ወገቤ ተቆረጠ። ስፖርቱን እንቀጥል? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

መልስ፦ ስፖርቱን አቁሙ፣ እንኳን እስከዚህ አደረሳችኋቸው። አሁን የሚያስፈልጋቸው አቀማመጥ ነው። የቀላውን ቦታ አትሹት፣ ጫናውን አንሱለት። በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ከጀርባ ወደ ጎን፣ ከጎን ወደ ሌላው ጎን አዙሯቸው። ሙሉ በሙሉ በጎናቸው አታጋድሟቸው፤ ከጀርባቸው ሥር ትራስ አስገብታችሁ ዘንበል ማድረግ ይበቃል። በጉልበታቸው መሀል ሌላ ትራስ፣ ከቅልጥማቸው ሥር ደግሞ የታጠፈ ጋቢ፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ። ጨርቅ እንደ ቀለበት ጠቅልሎ ከመቀመጫ ሥር ማድረግ የተለመደ ነው፣ ግን ዙሪያውን ያለውን ደም ስለሚዘጋ ይቅር። ማዞሩ ራሱ የሚያስቃያቸው ከሆነ ከመዞሩ በፊት ማስታገሻቸውን ስጧቸው፣ ያም ካልረዳ ሰዓቱን አርዝሙት። በነዚህ ቀናት ምቾታቸው ከቆዳቸው ይቀድማል። ከንፈራቸውንና አፋቸውን በረጠበ ንጹህ ጨርቅ አርጥቡላቸው።

ወገብሽን በተመለከተ፣ ብቻሽን ማንሳት ዛሬውኑ ይቁም። አንሶላ ለሁለት አጥፋችሁ ከትከሻቸው እስከ ዳሌያቸው ከሥራቸው አንጥፉ። አንዷ በዚህ፣ አንዷ በዚያ ቆማችሁ ጠርዙን ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ጉልበታችሁን ሸብረክ አድርጉ፣ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላችሁ አብራችሁ ወደ ላይ ሳቧቸው። ክብደቱን ወገባችሁ ሳይሆን እግራችሁ ይሸከም፣ ቆዳቸውም አይላጥም። አልጋው ዝቅተኛ ከሆነ እግሮቹ ሥር ብሎኬት አድርጉና ከፍ ይበል፣ እንዳይንቀሳቀስ አረጋግጡ። ሁለተኛ ሰው ከሌለ ጎረቤት ጥሪ። «ምን ላግዝሽ» ብሎ የሚመጣ ሰው ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ያዙርልሽ፣ የሌሊቱንም ከወንድሞችሽ ጋር ተካፈሉ።